ከጠፉት እንስሳት አንዱን ብንመልስ የትኛውን እንምረጥ?

ከምድር ገጽ ከጠፉት እንስሳት አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ወደ ሕይወት የመመለስ ዕድል ቢሰጣችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ይህ ጥያቄ በአንድ የሥነ ሕይወት ክፍል ውስጥ ቢቀርብ ብዙ እጆች እንደሚነሡ አያጠራጥርም። ከተማሪዎቹም አብዛኞቹ ዳይኖሰርን መጥራታቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1993 ለእይታ የበቃው «ጁራሲክ ፓርክ» የተሰኘው ፊልም፣ በደረቀ የዛፍ ሙጫ ውስጥ ተቀብራ ከኖረች ትንኝ የዳይኖሰር ደም ተቀድቶ ግዙፉ አውሬ እንደገና ሲፈለፈል አሳይቶናልና።

ለረጅም ጊዜ ጥያቄው ከልብ ወለድ የሚያልፍ አልነበረም። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ከምድር የጠፋ እንስሳ ለጥቂት ደቂቃዎች ያህል ተመልሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት የጠፋን ተኩላ መልሻለሁ ሲል ለዓለም አስታውቋል። ስለሆነም ምርጫው ከግርማ ሞገስና ከዝና ይልቅ በዕውቀት ላይ ሊመሠረት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ አራት ዕጩዎችን እናቀርብና በአራት ወንፊት እንነፋቸዋለን።

ዕጩዎቹ

የመጀመሪያው ታይራኖሶረስ ሬክስ ነው። ይህ ሥጋ በል ዳይኖሰር ዛሬ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በምንለው ምድር ይኖር የነበረ ሲሆን የጠፋው ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው።

ሁለተኛው የራሳችን ምድር ያፈራው ዳይኖቴሪየም ነው። የዝሆን ሩቅ ዘመድ ሲሆን ጥርሶቹ እንደ ዛሬው ዝሆን ከላይኛው መንጋጋ ወደ ፊት የሚወጡ ሳይሆኑ ከታችኛው መንጋጋ ተነሥተው ወደ መሬት የታጠፉ ነበሩ። ቅሪተ አካሉ በኦሞ ሸለቆ ተገኝቷል። ከአፍሪካ ምድር የጠፋው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ሦስተኛው ጠጉራሙ ማሞዝ ነው። በበረዶ ዘመን በሰሜን አውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ይሰማራ ነበር። የመጨረሻዎቹ ማሞዞች ከሳይቤሪያ በስተ ሰሜን በምትገኘው የራንገል ደሴት ላይ እስከ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት ቆይተዋል። ይህም ማለት የጊዛ ፒራሚዶች ታንጸው ካለቁ በኋላ እንኳ በምድር ላይ ማሞዝ ነበረ ማለት ነው።

አራተኛው ዳየር ተኩላ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ አህጉራት አዳኝ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ በሚገኘው የላ ብሬያ የሬንጅ ኩሬ ውስጥ ተይዘው የቀሩ የሺዎች ዳየር ተኩላዎች አፅም ተቆፍሮ ወጥቷል።

የመጀመሪያው ወንፊት፦ የዘር መልእክቱ ተርፏል?

እንስሳን ለመመለስ ቢያንስ የአሠራሩ መመሪያ ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ በሚገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ላይ በአራት ዓይነት ኬሚካዊ «ፊደላት» ተጽፏል። እንስሳው በሕይወት ሳለ ህዋሱ በዲ.ኤን.ኤው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በየጊዜው ይጠግናል። ሞት ሲመጣ ግን ጥገናው ይቆማል። በዚህ ጊዜ ኢንዛይሞች፣ ባክቴሪያዎች፣ ውኃና ሙቀት ተባብረው ረጅሙን ሰንሰለት ይቆራርጡታል።

ለመሆኑ ቁርጥራጩ የሚቆየው እስከ መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች በኒውዚላንድ ከጠፋው ሞኣ የተባለ ግዙፍ ወፍ የተገኙ 158 አጥንቶችን መርምረው መልስ አቅርበዋል። 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሙቀት መጠን ባለው ስፍራ በቆዩት በእነዚህ አጥንቶች ውስጥ፣ 242 ፊደላት ርዝመት ያለው የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ ግማሽ ዕድሜ 521 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። በፊዚክስ ትምህርት ስለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች የተማራችሁትን አስታውሱ፤ ስሌቱ አንድ ነው። ከ521 ዓመት በኋላ ግማሹ፣ ከ1,042 ዓመት በኋላ ሩቡ ይቀራል። አሥር ግማሽ ዕድሜዎች ሲያልፉ፣ ማለትም ከ5,210 ዓመት በኋላ፣ የሚተርፈው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ይህንኑ ስሌት ለታይራኖሶረስ እንጠቀምበት። 66 ሚሊዮንን ለ521 ብናካፍል ወደ 127 ሺህ የሚጠጉ ግማሽ ዕድሜዎች እናገኛለን። አንድን ቁጥር 127 ሺህ ጊዜ በሁለት ብናካፍለው የሚቀረው ምንም ነው ማለት ይቻላል። ቅዝቃዜ ሂደቱን ቢያዘገየውም ሊያድነው አይችልም። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ከ6.8 ሚሊዮን ዓመት በኋላ በዲ.ኤን.ኤው ውስጥ ሳይበጠስ የሚቀር ማያያዣ የለም። ስለዚህ ታይራኖሶረስ በመጀመሪያው ወንፊት ላይ ይቀራል፤ ከእርሱም ጋር ዳይኖሰሮች ሁሉ። አጥንታቸው ቢገኝም መመሪያቸው ጠፍቷል።

የዳይኖቴሪየም ጉዳይ ግን ጠለቅ ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። የጠፋው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ብለናል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው የሳይቤሪያ ማሞዞች ጥርስ ዲ.ኤን.ኤ. ተነቧል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በሰሜን ግሪንላንድ ከሚገኝ ደለል ሁለት ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የዲ.ኤን.ኤ. ቁርጥራጭ ተገኝቷል። ታዲያ የኦሞው እንስሳ ምን ጎደለው? የጎደለው ቅዝቃዜ ነው። የሳይቤሪያና የግሪንላንድ አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት እንደ ማቀዝቀዣ ሲያገለግል የኦሞ ሸለቆ ግን በሐሩር ፀሐይ ሲጋል ኖሯል። የዲ.ኤን.ኤ. መሰባበር ደግሞ እንደ ማንኛውም ኬሚካዊ ለውጥ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል።

ይህ ልዩነት በአገራችን ውስጥም ይታያል። በደቡብ ኢትዮጵያ በጋሞ ደጋ ከሚገኘው ሞታ ዋሻ የተገኘውና «ባይራ» የተሰኘው የ4,500 ዓመት የሰው አፅም ሙሉ ጂኖሙ ተነቦ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከአፍሪካ ምድር በዚህ ሁኔታ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ የሰው ጂኖም ነበር። ለዚህ ያበቃው የደጋው አየርና የዋሻው ቅዝቃዜ ነው። በቆላማው ስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ቅሪተ አካላት ስለ አጥንትና ጥርስ ብዙ ቢነግሩንም ስለ ጂን ዝም ይላሉ። ዳይኖቴሪየምን እያዘንን እናሰናብተዋለን።

ሁለተኛው ወንፊት፦ የቅርብ ዘመድ አለው?

ማሞዝና ዳየር ተኩላ አልፈዋል። ይሁንና ያለፉት ሙሉ መመሪያ ይዘው አይደለም፤ የያዙት በሚሊዮን የሚቆጠር ብጥስጣሽ ነው። ይህን ብጥስጣሽ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ምን ይደረግ?

አንድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ተቀዳዶ ቢገኝ ሊቃውንቱ ምን ያደርጋሉ? የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ፈልገው እያንዳንዱን ቁራጭ ከየትኛው ገጽ እንደወጣ ያመሳክራሉ። የጂን ተመራማሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። «ሌላው ቅጂ» በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ጂኖም ነው። ዘመዱ ቅርብ በሆነ መጠን ማመሳከሩ የተሳካ ይሆናል። ከዚህም በላይ ዘመዱ ለማመሳከሪያነት ብቻ ሳይሆን ህዋስ ለመስጠትና ፅንስ ለመሸከምም ይፈለጋል።

ማሞዝ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። የእስያ ዝሆን ከአፍሪካ ዝሆን ይልቅ ለማሞዝ ይቀርባል። ሆኖም «ቅርብ» ማለት «አንድ ዓይነት» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ማሞዝን ከእስያ ዝሆን የሚለዩት ፊደላት 1.4 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ ከ1,600 በላይ በሚሆኑ ጂኖች ላይ የፕሮቲን ለውጥ ያስከትላሉ። ከለውጦቹ መካከል የጠጉር ዕድገትን፣ የስብ ክምችትንና ለቅዝቃዜ ያለን ስሜት የሚመለከቱ ይገኙበታል። የማሞዝ ሄሞግሎቢን ሳይቀር በብርድ ውስጥ ኦክሲጅንን ለሰውነት በቀላሉ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነበር።

ዳየር ተኩላ ግን ከመልኩ የራቀ ሆኖ ተገኝቷል። አፅሙ ከግራጫው ተኩላ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ለብዙ ዘመን የቅርብ ወንድሙ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የጂኖም ጥናት ግን የሁለቱ የዘር ሐረግ ከተለያየ 5.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው አሳይቷል። መመሳሰል ሁልጊዜ የዝምድና ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ወንፊት፦ በምን ዘዴ? ማንስ ይፀንሰዋል?

የጠፋ እንስሳን ለመመለስ ሦስት መንገዶች ተሞክረዋል።

አንደኛው መርጦ ማራባት ነው። ኳጋ የተባለው የደቡብ አፍሪካ የሜዳ አህያ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ1883 በአምስተርዳም የእንስሳት ማቆያ ሞተች። እ.ኤ.አ. በ1984 ከሙዚየም ቆዳ ላይ የተወሰደ ዲ.ኤን.ኤ. ኳጋ የሜዳ አህያ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አረጋገጠ። ከ1987 ጀምሮም በደቡብ አፍሪካ ሽንትራቸው የደበዘዘ የሜዳ አህዮችን መርጦ የማዳቀል ሥራ ተካሂዷል። ኳጋን የሚመስሉ እንስሳት ቢወለዱም መልክን መመለስ ሌላ፣ ዝርያን መመለስ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ክሎኒንግ ነው። የአንድን ህዋስ ኒውክለስ አውጥቶ ኒውክለሱ በተወገደ እንቁላል ውስጥ ማስገባትና ፅንሱን በእናት ማኅፀን ማኖር ማለት ነው። ዶሊ የተባለችው በግ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚህ መንገድ ስትወለድ ከ277 ሙከራዎች የተሳካችው እርሷ ብቻ ነበረች። ዘዴው ያልተጎዳ ኒውክለስ ይፈልጋል። ይህ ደግሞ ከበረዶ ውስጥ እንኳ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች ከ28 ሺህ ዓመት ማሞዝ የተገኙ ኒውክለሶችን በአይጥ እንቁላል ውስጥ አስገብተው ነበር። አንዳንድ የመንቀሳቀስ ምልክት ቢታይም ህዋሱ ለመከፋፈል አልቻለም።

ሦስተኛው የጂን አርትዖት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነውና በ2020 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ባስገኘው ክሪስፐር በተባለው ዘዴ፣ በሕይወት ባለ ዘመድ ህዋስ ውስጥ የተመረጡ ፊደላትን በጠፋው እንስሳ ፊደላት መተካት ይቻላል። በ2025 «ዳየር ተኩላ ተመለሰ» የተባለው በዚህ መንገድ ነው። ይሁንና አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ቁጥር አለ። ኩባንያው በግራጫ ተኩላ ህዋስ ላይ ያደረገው ለውጥ 20 ብቻ ሲሆን ይህም በ14 ጂኖች ላይ ነው። ከውሾች ማኅፀን የተወለዱት ሦስቱ ቡችሎች ነጭ ጠጉርና ገዘፍ ያለ አካል ቢኖራቸውም በአብዛኛው ጂኖማቸው ግራጫ ተኩላ ናቸው። ብዙ ባለሙያዎችም ስሙን የተቃወሙት በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ሃያ ፊደል ያረመ ሰው አዲስ መጽሐፍ ደረስኩ ሊል አይችልም።

በማሞዝ ረገድ ደግሞ ሌላ ችግር ይደርብበታል። የዝሆን እርግዝና 22 ወር ገደማ ይፈጃል። የእስያ ዝሆን ራሱ የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት ዝርያ ነው። እያንዳንዷ ሴት ዝሆን ለሙከራ ስትውል የራሷን ዝርያ የምትተካበት ጊዜ ይባክናል። በዶሊ የታየው ዓይነት ውድቀት በዝሆን ላይ ቢደገም ምን ያህል እናቶች እንደሚያስፈልጉ ማስላት አያዳግትም።

አራተኛው ወንፊት፦ የት ይኖራል? ከማንስ ይማራል?

እንስሳ ማለት ጂን ብቻ አይደለም። ማሞዝ የሚመገበው በበረዶ ዘመን በሰፊው ተዘርግቶ የነበረውን የሣር ሜዳ ነው። ያ ሜዳ በአብዛኛው በረግረግና በቁጥቋጦ ተተክቷል። እርግጥ ነው፣ በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ትላልቅ ሣር በሎችን በማሰማራት ሜዳውን ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ አለ። እንስሳቱ በረዶውን እየረገጡ ሲያሳሱት ቅዝቃዜው ወደ አፈሩ ስለሚዘልቅ ዘላቂው ውርጭ እንዳይቀልጥ ይረዳል የሚልም ሐሳብ ይቀርባል። ሆኖም ለዚህ አገልግሎት ፈረስና ጎሽ ከበቁ ማሞዝ የግድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነጥብ ማኅበራዊ ኑሮ ነው። የዝሆን ግልገል ውኃ የት እንደሚገኝና አደጋን እንዴት እንደሚሸሽ የሚማረው ከእናቱ፣ ከአክስቶቹና ከአያቱ ነው። የመጀመሪያው ማሞዝ ግን አያት የለውም። ዳየር ተኩላም ያድናቸው ከነበሩት የአሜሪካ ፈረሶች፣ ግመሎችና ግዙፍ ስሎዞች ጋር ተለያይቷል፤ እነርሱም ጠፍተዋልና።

ሦስተኛው ነጥብ ቁጥር ነው። አንድ እንስሳ ዝርያ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው የራንገል ደሴት ማሞዞች የተነሡት ቢበዛ ከስምንት ወላጆች ሲሆን ከዚያ በኋላ ወደ ሁለትና ሦስት መቶ ቢበዙም በዘር መቀራረብ ምክንያት የተከማቹት ጎጂ ጂኖች ለሺዎች ዓመታት አብረዋቸው ኖረዋል። የዛሬው ቤተ ሙከራ ስምንት ማሞዝ እንኳ ማቅረብ አልቻለም።

ታዲያ ማን ይመረጥ?

እስካሁን እንዳየነው ከአራቱ ዕጩዎች ወንፊቶቹን ሁሉ ያለፈ የለም። የተሻለ የተጓዘው ማሞዝ ቢሆንም ሊገኝ የሚችለው ብርድ የሚቋቋም ዝሆን እንጂ ማሞዝ አይደለም። እንግዲያው ጥያቄውን እንገልብጠው። አራቱን ወንፊቶች የሚያልፍ እንስሳ ምን ዓይነት መሆን አለበት? ያልተጎዳ ህዋሱ በቅዝቃዜ የተቀመጠ፣ የቅርብ ዘመዱ በሕይወት ያለ፣ ያ ዘመድ ፅንሱን ሊሸከም የሚችልና የኖረበት ምድር ያልጠፋ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው እንስሳ የጥንት ዘመን አውሬ ሳይሆን ትናንት የጠፋ ነው።

ከነዚህ አንዱ ተሞክሯል። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር በፒረኒስ ተራሮች ላይ ቡካርዶ የተባለ የዱር ፍየል ይኖር ነበር። በአደን ምክንያት ቁጥሩ ተመናምኖ በመጨረሻ ሴሊያ የተባለች አንዲት እንስት ብቻ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች ይዘዋት ከጆሮዋ ጥቂት ቆዳ ወስደው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አስቀመጡ፤ እርሷንም ለቀቋት። በጥር ወር 2000 መጀመሪያ ላይ ዛፍ ወድቆባት ሞታ ተገኘች። የቡካርዶም ታሪክ በዚያ ተዘጋ።

ከብዙ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ከሴሊያ ህዋስ የተገኘች ግልገል ከዲቃላ እናት ተወለደች። በምድር ታሪክ ውስጥ ከጠፋ በኋላ የተመለሰ የመጀመሪያው እንስሳ ቡካርዶ ሆነ። ነገር ግን ግልገሏ በሳንባዋ ላይ በነበረ እክል ምክንያት ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሞተች። በመሆኑም ቡካርዶ ሁለት ጊዜ የጠፋ ብቸኛው እንስሳ ይባላል። ግልገሏ በሕይወት ብትቆይስ ኖሮ? የተቀመጠው ህዋስ የእንስት ብቻ ነበር። የወንዱ የዋይ ክሮሞሶም ያለበት ህዋስ ስላልተቀመጠ ሴሊያን መቶ ጊዜ ቢያባዟት መቶ እንስቶች እንጂ መንጋ አይገኝም ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ቡካርዶ የሚመደብበት ካፕራ የተባለው ወገን በአገራችን አንድ አባል አለው፤ እርሱም ዋልያ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በሌላ ስፍራ በዱር አይገኝም። ቁጥሩም በመቶዎች የሚገመት ብቻ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ከምክንያቶቹም የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ይገኙበታል። ቡካርዶ የተጓዘበትን መንገድ ስናይ ዋልያ በዚያው መንገድ መጀመሪያ ላይ እንደቆመ እንረዳለን።

በሌላ በኩል ህዋስን በወቅቱ ማስቀመጥ ምን እንደሚፈይድ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ጥቁር እግር ፌረት የተባለችው የሰሜን አሜሪካ ትንሽ አዳኝ ዛሬ በሕይወት ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም የተወለዱት ከሰባት ወላጆች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሞተች ሌላ እንስት ህዋስ ተወስዶ ተቀምጦ ስለነበር በታኅሣሥ 2020 የእርሷ ክሎን ተወለደች። በዚህም ጠፍቶ የነበረ የዘር ልዩነት ወደ መንጋው የሚመለስበት መንገድ ተከፈተ። ልዩነቱን አስተውሉ፤ እዚህ ዘዴው ያገለገለው ገና ያልጠፋን ዝርያ ለማበርታት ነው።

ማጠቃለያ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ አባቶች። ከጠፉት መካከል አንዱን እንድንመርጥ ለቀረበው ጥያቄ ሳይንስ የሚሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ዕድሜው በሚሊዮን የሚቆጠረው አይመለስም፤ በሺህ የሚቆጠረው በከፊል ይመሰላል፤ ትናንት የጠፋው በብዙ ድካም ሊሞከር ይችላል፤ ዛሬ ያለው ግን ሊጠበቅ ይችላል። ህዋስን ከወንዱም ከሴቱም በጊዜው ማስቀመጥ ጥሩ ዋስትና ነው። ሆኖም ገደሉና ሣሩ ለሌላ ከተሰጠ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ህዋስ የሚመለስበት ቤት አይኖረውም። የነገ ተማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ሲጠየቁ «ዋልያን» ብለው እጃቸውን እንዳያነሡ ማድረግ የዛሬ ተማሪዎች ድርሻ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ521 ዓመት ግማሽ ዕድሜ ስሌት መሠረት ከ2,084 ዓመት በኋላ ከመቶ ስንት እጅ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ ይተርፋል?

2. በአፋር ቆላ የተገኘ ቅሪተ አካልና በሰሜን ተራሮች ዋሻ ውስጥ የተገኘ አጥንት እኩል ዕድሜ ቢኖራቸው ዲ.ኤን.ኤ. ለመፈለግ የትኛውን ታስቀድማላችሁ? ለምን?

3. በሃያ ፊደላት የተለወጠ ተኩላ በየትኛው ስም ሊጠራ ይገባል? አንድን ዝርያ ዝርያ የሚያሰኘው ጂኑ፣ መልኩ ወይስ አኗኗሩ ነው?

4. ቀይ ቀበሮን በአራቱ ወንፊቶች ፈትኑት። ዛሬ ህዋሱን ለማስቀመጥ ብትወስኑ ከስንት እንስሳትና ከየትኞቹ ተራሮች ትወስዳላችሁ?